ደኑ አለ፤ ልጆቹስ የት አሉ?

ስለ ደን የሚጻፍ ዜና አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በቁጥር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት ሲያስታውቅ፣ ከአገር ውስጥ ጋዜጣ እስከ ውጭ አገር ሬዲዮ ድረስ ሁሉም ያነሳው ያንኑ ቁጥር ነበር። እኔም ያኔ ገና ተማሪ ሆኜ ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ጉድጓድ ስቆፍር ስለዋልኩ ከቁጥሩ ውስጥ ጥቂት ድርሻ ሳይኖረኝ አይቀርም። ቁጥር መጥፎ ነው ልል አይደለም። ለርዕስ ይመቻል፣ አዘጋጅም ይወደዋል። ነገር ግን «ስንት ዛፍ አለ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን ስለ አንድ ደን ጤንነት የሚነግረን በጣም ጥቂት ነው። በዚያው በጁላይ 2019 አንድ ሌላ የደን ዜና ወጥቶ ነበር። እሱን ግን ከእኛ ውስጥ ያስታወሰ ያለ አይመስለኝም። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

የዚህ ጽሑፍ መነሻ በሳይንስ ዘገባ ኮርስ የተሰጠን የቤት ሥራ ነው። አንድ የጥናት ጽሑፍ መርጣችሁ ለማንኛውም ሰው በሚገባ አማርኛ አስረዱ ተባልን። ጓደኞቼ ስለ ስኳር በሽታና ስለ ሞባይል ሲመርጡ እኔ የመረጥኩት የመተማን የዕጣን ዛፍ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። የእናቴ ወንድም ለብዙ ዓመታት ክረምቱ ሲወጣ ወደ መተማ እየወረደ ዕጣን ሲለቅም ኖሯል። እኛ ቤት ቡና ሲፈላ የሚጨሰው ዕጣን ከእሱ የመጣ ነበር። ስለዚህ ጥናቱን ማንበብ ስጀምር የማነበው ስለ ሩቅ አገር አልነበረም።

መጀመሪያ ግን ቦታውን እንወቀው። ሳቫና ሲባል አብዛኞቻችን ዓይን ላይ የሚመጣው በቴሌቪዥን ያየነው ሜዳ፣ ጥላ የመሰለ አንድ ግራርና ከሥሩ የተኛ አንበሳ ነው። በሳይንሱ ግን ሳቫና ማለት ዛፍና ሣር አንድ ላይ የሚኖሩበት ምድር ሁሉ ነው። አንዳንዱ ጋ ዛፉ ይሳሳል፣ አንዳንዱ ጋ ይበረክትና ደን ይባላል። ዋናው ነገር የዛፎቹ አናት ገጥሞ ሰማዩን አለመዝጋቱ ነው። ብርሃን እስከ መሬት ስለሚደርስ ሣር ይበቅላል። ሣሩ በበጋ ይደርቃል፣ የደረቀው ሣር ደግሞ ይቃጠላል። የቆላውን ደን ታሪክ ግማሹን ይህች አጭር ሰንሰለት ትናገራለች።

ኢብ ፍሪስ፣ ሰብስቤ ደምሰውና ፓውሎ ቫን ብሩገል እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙት የኢትዮጵያ ዕፅዋት አትላስ አገሪቱን በ12 ዋና ዋና የዕፅዋት ዓይነቶች ይከፍላታል። ከእነዚህ አንዱ በምዕራቡ ቆላ፣ ከሁመራ አካባቢ ጀምሮ በመተማና በቋራ አልፎ ወደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሚወርደው «ኮምብሬተም ተርሚናሊያ» የሚባለው ደን ነው። ስሙ ያስፈራል እንጂ ሁለቱንም እናውቃቸዋለን። ኮምብሬተም እነ አባሎ ናቸው። ተርሚናሊያ ደግሞ እነ ወይባ፣ ያው ሴቶቻችን የሚሞቁት የወይባ ጢስ ያለበት ወገን ነው። በዚህ ደን ውስጥ የዕጣን ዛፍ፣ ቅርቅራ፣ ዳርሌ፣ ዞቢ፣ ጉዛ፣ ሮቃና ሽመልም አሉ። አብዛኞቹ በበጋ ቅጠላቸውን ያራግፋሉ። በጥር ወር ያየ ሰው «ደርቋል» ብሎ ቢጽፍ አይፈረድበትም፤ በሐምሌ ደግሞ ያው ቦታ አረንጓዴ ግድግዳ ነው።

እንግዲህ ተመራማሪ እዚህ ደን ውስጥ ሲገባ ምን ያደርጋል? ደኑን በሙሉ መቁጠር ስለማይቻል በተወሰነ ርቀት ናሙና ቦታዎች ይለያል። ለምሳሌ 20 በ20 ሜትር ያለ አራት ማዕዘን በገመድ ይከልላል። በውስጡ ያለውን እያንዳንዱን ዛፍ ዝርያውን ይመዘግባል፣ ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍ ብሎ፣ ማለትም ሰው ቆሞ ደረቱ በሚደርስበት ላይ፣ ግንዱን ይለካል፣ ቁመቱን ይገምታል። ከዚያ ትንንሽ ቦታዎች ለይቶ ደግሞ ጎንበስ ብሎ ቡቃያዎችን ይቆጥራል። ይህ የመጨረሻው ሥራ አሰልቺ ነው፤ በሣር ውስጥ አንድ ስንዝር የማትሞላ ችግኝ መፈለግ ነው። ነገር ግን ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው እሱ መሆኑን ቀጥሎ እናያለን።

ከመዝገቡ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይወጣሉ። አንዱ የዝርያ ስብጥር ነው፤ ሌላው የደኑ መዋቅር ነው። እኛ ጋዜጠኞች ብዙ ጊዜ ሁለቱን አንድ እናደርጋቸዋለን።

ስብጥሩን እንይ። ስብጥር የዝርያዎች ብዛት ብቻ አይደለም። ሁለት ደኖች አሉ እንበል። በሁለቱም ውስጥ 100 ዛፍ፣ 5 ዝርያ አለ። በአንደኛው እያንዳንዱ ዝርያ 20 20 ዛፍ አለው። በሁለተኛው አንዱ ዝርያ 96 ሆኖ የቀሩት አራቱ አንድ አንድ ብቻ ናቸው። «5 ዝርያ ተገኘ» ብለን ብንዘግብ ሁለቱም እኩል ናቸው። እውነቱ ግን በሁለተኛው ደን ውስጥ አራት መጥረቢያ ምቶች አራቱን ዝርያ ያጠፏቸዋል። ይህን ልዩነት ለመያዝ ተመራማሪዎች ሻነን ኢንዴክስ የሚባል ስሌት ይጠቀማሉ። ለመጀመሪያው ደን 1.61 ይሰጣል፣ ለሁለተኛው 0.22 ብቻ። ቁጥሩ ከፍ ሲል ዝርያዎቹ ብዙም እኩልም ናቸው ማለት ነው።

በነገራችን ላይ ይህ ሻነን ማን መሰላችሁ? በመጀመሪያው ዓመት የኮሙኒኬሽን መግቢያ ኮርስ ላይ ላኪ፣ መስመር፣ ጫጫታ፣ ተቀባይ እያልን የሸመደድነው ክላውድ ሻነን ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ስለ መልእክት ማስተላለፍ የጻፈውን ቀመር የሥነ ምህዳር ሰዎች ለዛፍ ተውሰውታል። ሐሳቡም አንድ ነው። ቀጣዩ ፊደል ምን እንደሚሆን መገመት ካቃተህ መልእክቱ ብዙ መረጃ ይዟል፤ በደን ውስጥ ስትሄድ ቀጣዩ ዛፍ ምን እንደሚሆን መገመት ካቃተህ ደኑ ስብጥር አለው። የዲፓርትመንታችን ትምህርት ደን ውስጥ ገብቶ አገኘሁት ማለት ነው፤ ትንሽ ኮራሁ።

መዋቅር ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ስብጥር «እነማን አሉ?» ሲል መዋቅር «ምን ያህል ወፍራም፣ ምን ያህል ረጅም፣ ስንቱ ሕፃን፣ ስንቱ ሽማግሌ ነው?» ይላል። የአንድን ዝርያ ዛፎች በውፍረታቸው ከፋፍላችሁ፣ ቀጭኖቹን በግራ ወፍራሞቹን በቀኝ አድርጋችሁ በዓምድ ብትሥሏቸው፣ ጤነኛ ዝርያ በግራ በኩል እጅግ ረጅም ዓምድ ይኖረውና ወደ ቀኝ እየቀነሰ ይሄዳል። ተመራማሪዎች ይህንን የተገለበጠ «ጄ» ይሉታል። ልክ የሕዝብ ቆጠራ ላይ እንደምናየው፣ ብዙ ሕፃናት፣ ጥቂት አዛውንት። ብዙዎቹ ቡቃያዎች ይሞታሉ፣ ግን የሚተርፉት አሮጌዎቹን ይተካሉ።

የግራው ዓምድ ባዶ ሆኖ መሐሉ ላይ ብቻ ጉብ ያለ ሥዕል ካያችሁ ቆም በሉ። ያ ዝርያ ጎልማሶች አሉት፣ ልጆች ግን የሉትም። በዓይን ስታዩት ደኑ ያምራል። ትልልቅ ዛፎች ቆመዋል፣ ጥላ አለ፣ ዕጣኑም ይገኛል። ቱሪስት ፎቶ ያነሳበታል። ሻነን ኢንዴክሱም ሊያምር ይችላል፤ ምክንያቱም ስሌቱ ዕድሜ አይጠይቅም። የ80 ዓመት ዛፍና የ8 ዓመት ዛፍ ለእሱ እኩል አንድ አንድ ናቸው።

እርግጥ ነው ባዶ የግራ ዓምድ ሁልጊዜ የሞት ደብዳቤ አይደለም። አንዳንድ ዛፍ በየዓመቱ አይወልድም፤ በ20 እና 30 ዓመት አንድ ጊዜ ዝናቡ ሲመቸው በአንድ ላይ ይበቅልና ያርፋል። ስለዚህ አንድ ቦታ አንድ ጊዜ ታይቶ ፍርድ አይሰጥም። ብዙ ቦታ መለካት፣ የግንዱን ቀለበት ቆጥሮ ዕድሜውን ማወቅ፣ ያንኑ ዛፍ ከዓመት ዓመት መከታተል ያስፈልጋል።

ለመተማው የዕጣን ዛፍ ይህ ሁሉ ተደርጓል። ዛፉ በሳይንሱ ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ ይባላል። ፓፒሪፌራ ማለት ወረቀት የሚያፈራ እንደ ማለት ነው፤ ልጡ እየተላጠ እንደ ወረቀት ስለሚንጠለጠል የተሰጠው ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በአንድ የሥነ ምህዳር መጽሔት የወጣ ጥናት በመተማ አካባቢ ዛፎቹን ለተወሰኑ ዓመታት ተከታትሎ ሦስት ነገር አገኘ። ቡቃያ አለ፣ ወደ ወጣት ዛፍነት የሚያድግ ግን የለም። ጎልማሶቹም ከሚጠበቀው በላይ ይሞታሉ። ነገሩ በዚሁ ከቀጠለ የዛፎቹ ቁጥር በ50 ዓመት ውስጥ 90 በመቶ፣ የዕጣኑ ምርት ደግሞ በ15 ዓመት ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል አለ።

«አንድ ወረዳ ነው» የሚል ሊኖር ይችላል። አሁን ወደዚያ ተረስቶ ወደቀረው የጁላይ 2019 ዜና እንመለስ። በሆላንድ የዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲው ፍራንስ ቦንገርስ ከኢትዮጵያውያንና ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ ኔቸር ሰስቴይነቢሊቲ በተባለው መጽሔት ያወጣው ጥናት ነው። 23 የተለያዩ የዕጣን ዛፍ ቦታዎች ታይተዋል፤ 21,786 ዛፍ ተቆጥሯል፤ የ202 ዛፎች የዕድሜ ቀለበት ተነቧል። ከቦታዎቹ ከ75 በመቶ በላይ በሆኑት ወጣት ዛፍ የለም። ቀለበቱ ደግሞ ይህ የአንድ ሰሞን ክፍተት እንዳልሆነ፣ ተተኪ ዛፍ ከበቀለ አሥርተ ዓመታት ማለፋቸውን ተናገረ። ስሌታቸው የሚለው የዕጣን ምርት በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል ነው። እንግዲህ አስቡት። በአንድ ወር ውስጥ 350 ሚሊዮን ችግኝ መተከሉን ሰማን፤ በዚያው ወር ራሱን ችሎ የቆመ ደን ልጅ ማሳደግ እንዳቃተው ተጻፈ። የመጀመሪያው ዜና ሆነ።

ለምን ልጅ አጣ? ጥፋተኛ የሚባል አንድ ወገን ብናገኝ ለጽሑፍ ይመቸን ነበር፤ ግን የለም።

እሳቱን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2005 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ከ854 የአፍሪካ ሳቫና ቦታዎች መረጃ አሰባስቦ ነበር። ዓመታዊ ዝናቡ ከ650 ሚሊ ሜትር ገደማ በታች በሆነበት ቦታ የዛፉን ብዛት የሚገድበው ውሃ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ዛፍ ሣሩን አሸንፎ ምድሩን ለመሸፈን የሚበቃ ዝናብ አለ፤ ሳቫና ሆኖ የሚያቆየው እሳትና እንስሳት ናቸው። መተማ ከዚህ መጠን በላይ ዝናብ ያገኛል። ስለዚህ እዚያ ያለውን ደን ቅርፁን የሚሰጠው በአብዛኛው እሳቱና ግጦሹ ነው ማለት ይቻላል።

እሳት ትልቁን ዛፍ ብዙ ጊዜ አይገድለውም። ልጡ ይከላከልለታል፣ ቅርንጫፉም ከነበልባሉ በላይ ነው። የሚመታው ከሣሩ ቁመት በታች ያለውን ነው። ቡቃያው በክረምት ይበቅላል፣ በበጋ ይቃጠላል፣ ሥሩ ግን አፈር ውስጥ ይተርፍና በሚቀጥለው ክረምት እንደገና ያቆጠቁጣል። እንደዚህ እየሆነ ዓመታትን ሊቆጥር ይችላል። ያች የአንድ ስንዝር ችግኝ ምናልባት የብዙ ዓመት ናት። በደቡብ አፍሪካ ክሩገር ፓርክ ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንዳንድ ቦታዎች በየዓመቱ፣ አንዳንዶቹ በየሁለትና በየሦስት ዓመቱ ይቃጠላሉ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ጭራሽ አይነኩም። ከአራት አሥርተ ዓመታት በኋላ ውጤቱን ያዩ ተመራማሪዎች የገረማቸው፣ እሳቱ የዛፎቹን ቁጥር ብዙም አለመቀየሩ ነው። የቀየረው መጠናቸውን ነው። እየተቃጠለ በኖረው ቦታ ዛፎቹ አጭር ሆነው ቀሩ። ቆጠራ ብቻ ያደረገ ሰው «ለውጥ የለም» ብሎ ይመለስ ነበር።

ወደ መተማ ስንመለስ በእሳቱ ላይ ከብት ይጨመራል። ከሩቅ የሚመጣ ከብት ጭምር ደኑ ውስጥ ይለቀቃል፤ የተረፈችውን ቡቃያ ይግጣል፣ ይረግጣል። ሰሊጥም አለ። ሰሊጥ ጥሩ ዋጋ ያወጣል፤ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ከደጋ ወደ መተማ በተካሄደው የሠፈራ ፕሮግራም የመጣውም ገበሬ መሬት ያስፈልገው ነበር። ደኑ ሲመነጠር የተረፈው ቁራጭ ላይ ከብቱም ሰዉም ይከማቻል።

የቀረው ዕጣኑን የሚሰበስበው ሰው ነው። ዕጣን የሚገኘው ልጡን በመንጋፍ በትንሹ በመፋቅ ነው፤ ዛፉ ቁስሉን ለመድፈን የሚያፈሰው ሙጫ ሲደርቅ ይለቀማል፣ ቁስሉ እንደገና ይከፈታል። በአንድ በጋ ይህ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። ዛፉ ለፍሬ የሚያውለውን ጉልበት ለቁስሉ ያውለዋል። በኤርትራ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ ጥናት፣ ካልተነኩ ዛፎች የተለቀመ ዘር ከ80 በመቶ በላይ ሲበቅል በብርቱ ከተፋቁት የተለቀመው 16 በመቶ እንኳ አልሞላም። በተጨማሪ ግንዱን የሚቦረቡር ጥንዚዛ አለ፤ በመተማ በሞቱት ዛፎች ላይ በብዛት ተገኝቷል።

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ አጎቴ ጋ ደወልኩ። አሁን ቆላ መውረድ ትቶ በእርሻው ላይ ነው። ስለ ተገለበጠ ጄ ልነግረው አልሞከርኩም። «ጋሼ፣ እዚያ በነበሩበት ጊዜ ትንንሽ የዕጣን ዛፍ አይተው ያውቃሉ?» አልኩት።

«እንዴት ያለ ትንሽ?»

«እንደ ክንድ የቀጠነ፣ ሰው የሚያክል።»

ዝም አለና፣ «እሱንስ አላየሁም» አለኝ። «ከመሬት የወጣች ቡቃያ አለች፤ ክረምቱ እንደወጣ ስንደርስ እናያታለን፣ ወዲያው ከሣሩ ጋር ትቃጠላለች። ትልልቁ ደግሞ አለ። መሐሉን ግን... እውነትሽን ነው፣ መሐሉ የለም።» ከዚያ ሳልጠይቀው ጨመረልኝ። «ብናገኘውስ መች እንምረው ነበር ልጄ? የሚከፈለን በለቀምነው ልክ ነው። ፋቅ ፋቅ አድርገን እናልፍ ነበር።»

የቤት ሥራዬን የሚያርመው መምህር ይህን ጥቅስ ይወደዋል ብዬ ወዲያው ጻፍኩት። ሆኖም ሳስበው አጎቴ የተናገረው የ21,786ቱን ቆጠራ ውጤት ነው። «መሐሉ የለም።» እሱ ለዓመታት አይቶታል፤ የጠየቀው ሰው ብቻ አልነበረም።

መፍትሔውን በተመለከተ ተመራማሪዎቹ የሚሉት የተወሳሰበ አይደለም። ከብት እንዳይገባ የተወሰነ ቦታ መከለል፣ ዙሪያውን ሣር አጭዶ እሳት መከላከያ መሥራት፣ ዛፎቹን በየተራ ማሳረፍና የሚፋቀውን ቦታ ቁጥር መቀነስ። ቡቃያው ሥሩ ሕያው ስለሆነ ጥቂት ተከታታይ ዓመታት ከእሳትና ከጥርስ ቢያመልጥ ከሣሩ በላይ የመውጣት ዕድል ያገኛል። ቅርንጫፍ ቆርጦ በመትከልም ማባዛት ይቻላል። በቋራ በኩል በ1998 ዓ.ም. የተቋቋመው የአላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ 2,600 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ተመሳሳይ ደን ይዞ ከሱዳኑ ዲንደር ፓርክ ጋር ይዋሰናል፤ ጥበቃ የሚሠራበት ቦታ የለም ማለት አይቻልም። ከአዲስ ችግኝ ይልቅ ያለውን ቡቃያ ማሳደግ ርካሽ ይመስለኛል፤ ሥሩ ቀድሞ ተተክሏልና። ለሪባን መቁረጫ ግን አይመችም።

እናንተም ለቤት ሥራ ወይም ለዜና የደን ጥናት እጃችሁ ከገባ፣ ማጠቃለያው ላይ ያለውን የዝርያ ብዛት ከመቅዳታችሁ በፊት በታችኛው መስመር ላይ ውፍረት የተጻፈበትን ሥዕል ፈልጉ። የግራውን ዓምድ እዩት። ከዚያ ጥናቱ ቡቃያና ወጣት ዛፍን ለየብቻ ቆጥሮ እንደሆነ አረጋግጡ፤ ሁለቱን ደምሮ «ተተኪ» ካለ፣ የመተማ ዓይነት ደን ጤነኛ መስሎ ያልፋል።

ስለ መከለሉ ለአጎቴ ነግሬው ነበር። ሐሳቡን አልተቃወመም። «ጥሩ ነው» አለ፤ «ከብቱ እስከዚያ የት ይሂድ አሉ?» ጥናቶቹን እንደገና አገላበጥኳቸው። ከብቱን የሚያወጡበት ገጽ አለ፤ የሚያስገቡበትን ግን አላገኘሁም።